ቤተሰብ ይዞ ወደ ድሬዳዋ፦ ሳቢያን፣ ከዚራ ወይስ መጋላ?

ባለ3ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ተዛውሯል፤ ቦታው መልካ ጀብዱ በኩል ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ቤተሰቤን ይዤ መግባት አለብኝ። ትንሹ 2 ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ 3ኛ፣ ትልቁ 7ኛ ክፍል ይገባሉ። እስካሁን የተማሩት በአማርኛ ነው። መኪና የለንም። ደላላ ሦስት ቤት በፎቶ ልኮልኛል፦ ሳቢያን ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ (የመጨረሻው)፣ ከዚራ አሮጌ ግቢ ቤት፣ መጋላ በኩል ደቻቱ ወንዝ ዳር አዲስ ቤት። የመጨረሻው ከሁሉም ይረክሳል። ፎቶ ላይ የማይታየውን ንገሩኝ።

ቀፊራ፦

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይሠራ በ«አንተ» ልቀጥል።

ደቻቱ ዳር ያለውን ተወው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጎርፉን የሚያመጣው ድሬ ላይ የሚጥለው ዝናብ ሳይሆን ከደቡብ በኩል ባለው የሐረርጌ ደጋ የሚጥለው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ያውም ሌሊት፣ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሰው በተኛበት ነው የመጣው፤ ከ200 በላይ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፣ ቢሆንም ሕፃን ይዞ ግንብ ተማምኖ መተኛት አይመከርም። መጋላን ሁሉ ግን አትጥላ። ከወንዙ ራቅ ባለው ከፍታ ላይ ጥሩ ሰፈር አለ፣ ቀፊራ ገበያም እዚያው ነው። ያንተ ችግር ሥራህ በወዲያኛው ጫፍ መሆኑ ነው፤ በየቀኑ ወንዙን መሻገር አለብህ፣ ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው መሻገሪያው ነው።

ሳቢያን ወደ መልካ ጀብዱ ለመውጣት ይቀላል። ከዚራ መሀል ከተማ ነው፣ ለትምህርት ቤትም ለሐኪምም ይቀርባል። ከሁሉ በፊት ግን የድርጅትህ ሰርቪስ የት የት እንደሚቆም ጠይቅ። ከፌርማታው በእግር ከ10 ደቂቃ በላይ የሚርቅ ቤት ከሆነ በየጠዋቱ ባጃጅ ልትይዝ ነው፤ የወር ሒሳቡን ከኪራዩ ጋር ደምረህ አወዳድር።

ውሉን በቃል እንዳትጨርስ። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ክፍያውም በባንክ ነው። «6 ወር ቅድሚያ» ያለህ ሰው ካለ ይህን አስታውሰው። የደላላውንም ድርሻ ቤቱን ከማየትህ በፊት ቁረጥ።

ኤሌክትሪሺያን_ድሬ፦

ኮንዶሚኒየሙ የመጨረሻ ፎቅ ከሆነ ሙቀቱን ንቀህ አትግባ። ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ የሚተፋው ሌሊት ነው፣ ልጆች ሊተኙ ሲሉ። ቤቱን ለማየት ጠዋት አትሂድ (ደላላ ጠዋት መውሰድ ይወዳል)፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ግባና መኝታ ቤቱ ውስጥ ኮርኒሱን በእጅህ ንካ፣ ለብ ሳይሆን ካቃጠለህ መልሱን አገኘህ። መስኮቶቹ በሁለት ትይዩ ግድግዳ ላይ ካልሆኑ ነፋስ አያልፍም። ወደ ምዕራብ የዞረ መኝታ ቤት ግንቦትና ሰኔ ላይ ያስቸግራል። ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ 1ኛ ወይም 2ኛ ፎቅ ፈልግ።

የከዚራዎቹ አሮጌ ቤቶች በምድር ባቡር ዘመን ለሙቀት ታስበው የተሠሩ ናቸው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በረንዳ፣ ዛፍ። ለመኖር እነሱን የሚያህል የለም። ጣጣቸው ሽቦው ነው። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? መሬት የገባ ሽቦ (ኤርዝ) አለው? ምጣድ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎዋት፣ ማለትም 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ወደ 5፣ ካውያ ወደ 9። ሦስቱ አብረው 30 ናቸው፣ 25 አምፔር ብሬከር ቆየት ብሎ ሊወርድ ይችላል። አንዳንዱ ባለቤት መፍትሔው ትልቅ ብሬከር መግጠም ይመስለዋል፤ ያኔ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ለምጣድ በ4፣ ለኤሲ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የየራሳቸው መስመር ይዘርጋ፣ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቦይለር አትግዛ። ውሃው ጠጣር ስለሆነ ኖራ እየጋገረ ማሞቂያውን ይበላዋል፤ ደግሞ ድሬ ላይ ማን ሙቅ ሻወር ይወስዳል? ማንቆርቆሪያውን በየጊዜው በአቼቶ አፍላው።

መምህር_ከሳቢያን፦

ስለ ትምህርት ቤት፦ ድሬዳዋ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ቋንቋው እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ስለዚህ «ቅርብ ትምህርት ቤት አለ» የሚለው አይበቃም። የ3ኛ ክፍሏ ልጅህ የምትማርበት ቋንቋ ምን እንደሆነ፣ ተጨማሪ ቋንቋውስ የትኛው እንደሆነ ጠይቅና ከዚያ ቤት ያዝ። 7ኛ ክፍል የሚገባውን አሁን ማዛወርህ ጥሩ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ በ8ኛ ከመምጣት በ7ኛ መጀመር ይሻለዋል።

ከአዲስ አበባ ሳትወጣ የምትይዘው፦ ማኅተም ያረፈበት መልቀቂያ፣ ያለፉት ዓመታት ሪፖርት ካርድ ዋናው፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወረዳ የነዋሪነት መሸኛ። ብዙ ሰው መሸኛውን ይረሳል፤ ያለ እሱ አዲስ መታወቂያ ስለማይሰጥህ ለአንድ ወረቀት ትመለሳለህ።

ባለ3ልጅ፦

ደቻቱን ሰርዣለሁ። የከዚራው ግቢ አንድ ሮቶና ሁለት በርሜል አለው፣ ውሃ በፈረቃ ነው አሉኝ። ለአምስት ሰው ይበቃል? ለትንሹስ ወባ ያሰጋዋል?

ጤና_ባለሙያ፦

ሁለቱ ጥያቄዎችህ አንድ ናቸው። በሰው በቀን 40 ሊትር ብትይዝ ለአምስት 200 ነው፤ ፈረቃው በ5 ቀን ከሆነ 1,000 ሊትር ትጨርሳለህ። ፈረቃ ሊዘል ስለሚችል 2,000 ሊትር ሮቶ ይኑርህ። ግፊቱ ከፍ ወዳለ ሮቶ ላያወጣው ስለሚችል ፓምፕ እንዳለው እይ።

እዚህ ትንኟ የምትራባው ረግረግ ላይ ብቻ አይደለም፤ የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥም ትራባለች። ትንኝ የምታስተላልፋቸው የትኩሳት በሽታዎች፣ ዴንጊ በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉኒያ በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋን አዳርሰዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የተነሳው ወባ ደግሞ በበጋ ነበር፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በሮቶና በርሜል ስለምትራባ። የዴንጊዋ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ትንሹ ቀን ሲተኛም አጎበር ይውረድለት። መስኮት ላይ ወንፊት ከሌለ ሳትገባ አስገጥም።

በርሜሎቹን በሳምንት አንዴ መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የዴንጊዋ ትንኝ እንቁላል የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ በብሩሽ ፈግፍጋቸው። የሮቶው ክዳን ገጥሞ ይዘጋ፤ የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦውንም ጫፍ በወንፊት እሰረው፣ ሰው ክዳኑን ዘግቶ የሚረሳው እሱን ነው።