ፊኒክስ ላይ የኤሲ ቢል ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ ማሽኑ ይቀየር ወይስ ይጠገን?

የሰርፕራይዟ

ሰላም ወገኖቼ። አሪዞና የምትኖሩ፣ በተለይ ፊኒክስ አካባቢ ቤት ያላችሁ ብትመክሩኝ። ከሲያትል ወደ ሰርፕራይዝ (ፊኒክስ አጠገብ ያለች ከተማ ናት) የመጣነው የቤት ዋጋ እዚህ ስለሚቀንስ ነው። ሙቀቱን ሰምተን ነበር፣ የመብራት ቢሉን ግን ማንም አልነገረንም። ኤፕሪል ላይ 140 ዶላር አካባቢ የነበረው ጁላይ ላይ 470 ገባ። ያውም እየቆጠብን።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ 1,900 ስኩዌር ፊት ገደማ። ኤሲው 12 ዓመቱ ነው። 76 ፋራናይት ላይ አድርገነው ሳሎኑ ደህና ነው፣ በምዕራብ በኩል ያለው የልጆቹ ክፍል ግን ከሰዓት በኋላ አይቻልም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። እሷ አየሩ የሚመጣበት ሥር ስትቀመጥ ብርድ መታኝ ትላለች፣ ልጆቹ ደግሞ በላብ ተጠምቀው ያድራሉ።

አንድ ቴክኒሻን ጠራን። ትንሽ አየት አየት አደረገና ጋዝ ጎድሎታል፣ ማሽኑም አብቅቶለታል፣ መቀየር አለበት፣ 14,500 ዶላር አለን። ዛሬ ከፈረማችሁ ቅናሽ አለ ብሎ ወረቀቱን ትቶልን ሄደ። ባለቤቴ እንፈርም ይላል፣ በዚህ ሙቀት ድንገት ቢቆምብን ልጆቹና እናቴ እንዳይጎዱ ፈርቶ ነው። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምን ትላላችሁ?

ኤሲ_ሠሪ

እህቴ፣ በእናትሽ ዛሬ ምንም አትፈርሚ። እዚሁ ፊኒክስ ውስጥ ኤሲ እሠራለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ጋዙ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዝግ በሆነ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው። ጎደለ ከተባለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። የት ነው የሚያፈሰው ብለሽ ጠይቂ፣ የለካውን ቁጥር ጽፎ ይስጥሽ። ዝም ብሎ ሞልቶ የሚሄድም፣ ሳይለካ ማሽኑ ሞቷል የሚልም እኩል አይታመኑም።

አንድ ነገር ራስሽ መለካት ትችያለሽ። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር በቂ ነው። ኤሲው ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሲሠራ ቆይቶ፣ አየር የሚስብበት ትልቁ ፍርግርግ (ፊልተሩ ያለበት) ጋ ለኪ። ከዚያ ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበት ቅርብ ቀዳዳ ላይ ለኪ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ፋራናይት ከሆነ ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ችግር አለ፣ ግን ችግር አለ ማለት 14 ሺህ ዶላር ማለት አይደለም።

እዚህ አገር በበጋ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ካፓሲተር ነው። ትንሽ ቆርቆሮ መሰል ዕቃ ናት፣ ኮምፕረሰሩን (ጋዙን የሚገፋውን ሞተር) እና የውጭውን ፋን የምታስነሳ። 110 ዲግሪ ፀሐይ ላይ በውሎ ብዛት ትደክማለች። ዕቃዋ ራሷ ርካሽ ናት፣ ቴክኒሻኑ መጥቶ ሲቀይራት ግን የጉዞና የሥራ ዋጋ ይጨመራል። ባለቤትሽ እጁ ሥራ የሚወድ ከሆነ ንገሪው፣ ብሬከር ጠፍቶም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይዛ ስለምትቆይ ልምድ የሌለው ሰው አይንካት።

የልጆቹን ክፍል በተመለከተ ግን እኔ ማሽኑን ሳይሆን ዳክቱን (የአየር ቱቦውን) ነው የምጠረጥረው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ከሰዓት በኋላ 150 ፋራናይት አካባቢ ሊደርስ ይችላል። አየር የሚያመላልሱት ቱቦዎች የሚያልፉት በዚያ ውስጥ ነው። አንዱ ከመጋጠሚያው ከተላቀቀ የከፈልሽበት ቀዝቃዛ አየር ጣሪያ ሥር ይፈሳል፣ ልጆቹ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ዘመናዊ ማሽን ብትገዢም በዚያው በተቀደደ ቱቦ ነው የሚልከው! መጀመሪያ ዳክቱን አስፈትሺ። በጠዋት ይሁን፣ ቀን ላይ እዚያ መውጣት ለሰውየውም አደገኛ ነው።

ፊልተሩንስ መቼ ነው የቀየራችሁት? በአቧራ ወቅት፣ ሀቡብ (ትልቁ የአቧራ ማዕበል) ከመጣ በኋላ በተለይ፣ በየወሩ ተመልከቺው። ብርሃን አንስተሽበት የማያሳልፍ ከሆነ ይጣል። በጣም ወፍራሙንና ውዱን ፊልተር መግዛት ደግሞ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፣ ማሽኑ አየር መሳብ ያቅተዋል። እኛ ቤት ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቁሌቱም አለ፤ ይሄ ሁሉ ፊልተሩ ላይ ነው የሚያርፈው።

የውጭው ክፍል መሬት ላይ ከሆነ እናንተም ልታጥቡት ትችላላችሁ። ብሬከሩንም አጠገቡ ያለውን ማጥፊያም አጥፉ። በአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ፣ በለስላሳ ግፊት። በመኪና ማጠቢያ ግፊት እንዳይሆን፣ ስስ የብረት ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ጣሪያ ላይ ከሆነ ለባለሙያ ተዉት።

እናት_ዓለም

የእኔ ልጅ፣ አይዞሽ፣ የመጀመሪያው በጋ ሁላችንንም ነው ያስደነገጠን። ማሽኑን ልጄ ኤሲ ሠሪው ጨርሶ ነግሮሻል። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። የመብራት ፕላንሽ የቱ ነው? ቢሉ ላይ ይጻፋል።

ኤፒኤስ የሚባለው የመብራት ድርጅት ከሆነ፣ አብዛኛው ሰው ያለበት ፕላን በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ከ4 እስከ 7 ዋጋው በጣም ይወደዳል። ቅዳሜና እሁድ ውዱ ሰዓት የለም። እኔ ቤቱን ከምሳ ጀምሮ 74 ላይ አቀዘቅዘዋለሁ። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ሶፋው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ልክ 4 ሲሆን 81 ላይ አደርገዋለሁ። ኤሲው ለረጅም ጊዜ አይነሳም፣ ቢነሳም ጥቂት ነው የሚሠራው። 7 ሲሆን ወደ 78። ይሄ ብቻውን ቢሌን ቀየረው።

ደግሞ ምጣዱ! የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ይበላል፣ ቤቱንም ያሞቃል፣ ኤሲው ያንን ሙቀት ለማውጣት እንደገና ይሠራል። ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍይው። እንጀራ በጠዋት ጋግሪ ወይም ምጣዱን በረንዳ ላይ አውጪው። የልብስ ማድረቂያውም፣ ኦቭኑም፣ ዕቃ ማጠቢያውም ከ7 በኋላ። ለእናትሽ ስትነግሪያት ደግሞ በሀበሻ አቆጣጠር ንገሪያት፣ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት 1 ሰዓት ብለሽ። እኔ ለእህቴ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ነው የለጠፍኩላት።

የሰርፕራይዟ

እትዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ቢሉን አይቼ መጣሁ። ኤፒኤስ ነው፣ ከ4 እስከ 7 የሚለው ነው፣ ግን ዲማንድ ቻርጅ የሚል ሌላ መስመር አለበት፣ እሱም ትንሽ አይደለም። ምንድን ነው? እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ትኩስ እንዲበሉ ብላ ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ኤሲ_ሠሪ

አገኘሽው እኮ። ዲማንድ ቻርጅ ማለት በወሩ ውስጥ፣ በውዱ ሰዓት፣ ብዙ መብራት የተጠቀምሽባት አንዷ ሰዓት ተለይታ ዋጋ ይወጣላታል። አንድ ቀን ብቻ ኤሲ፣ ምጣድና ማድረቂያ አብረው ከሠሩ፣ ወሩን ሙሉ ብትጠነቀቂም ያቺ ሰዓት ናት የምትቆጠረው። ሰው በብዛት ለሚኖርበት፣ አያትና ልጆች ቀን ቤት ለሚውሉበት ቤት ከባድ ፕላን ነው። ደውለሽ ዲማንድ የሌለበትን ከ4 እስከ 7 ፕላን ጠይቂ፣ ያለፈውን አጠቃቀምሽን ይዘው የቱ እንደሚረክስ ያነጻጽሩልሻል። ኤስአርፒ የሚባለው ሌላው የመብራት ድርጅት ያላችሁ ደግሞ ሰዓቱ እንደ ፕላኑ ስለሚለያይ የራሳችሁን ተመልከቱ።

ቬጋስ_ሹፌር

ከላስ ቬጋስ ነኝ፣ ሙቀቱ ያው ነው። በጁላይ 2024 እኛ ጋ 120 ፋራናይት ገብቶ የከተማው ሪከርድ ተሰብሯል።

በምዕራብ ላለው መስኮት መጋረጃ ብቻውን አይበቃም። ፀሐዩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ሙቀቱ ቤት ገብቷል። ከውጭ በኩል የሚገጠም የፀሐይ መከላከያ ወንፊት አለ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ አብዛኛውን ፀሐይ መስታወቱ ጋ ሳይደርስ ያስቀረዋል። ልክ ወስደህ ፍሬሙን ራስህ ትሠራለህ፣ ውድ አይደለም። የበሩን ዙሪያ ጎማም እዩት፣ በበሩ ሥር ብርሃን ከታየ አየር ይወጣል ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እኔ ሥራ ስሄድ ሙሉ በሙሉ ነው የማጠፋው፣ ትክክል ነው? እዚያው ደግሞ አንድ ጓደኛዬ በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ግዛ፣ መብራት አይበላም ብሎኛል።

ኤሲ_ሠሪ

ወንድሜ፣ ማጥፋት ሳይሆን ከፍ ማድረግ ነው የሚሻለው፣ 84 ወይም 85። በጁላይ ቤቱ ውስጥ 100 ከገባ በኋላ ልክ በውዱ ሰዓት ለማቀዝቀዝ ስትነሳ ያጠራቀምከው ይበላል፣ ማሽኑም በቀኑ ከባድ ሙቀት ላይ ሳያርፍ ይሠራል። እንስሳ ወይም አዛውንት ቤት ካለ ደግሞ ይሄም አይሆንም።

የውሃው ማቀዝቀዣ በሜይና በጁን፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ እውነትም ጥሩ ነው፣ መብራቱም ትንሽ ነው። ጁላይና ኦገስት የዝናቡ ወቅት መጥቶ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን ቤቱን ያጨፈግገዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ለጋራዥ ግዛው። ሲሠራ መስኮት ገርበብ ይደረጋል፣ ከኤሲ ጋር ባንድ ላይ ፈጽሞ አይሠራም።

ተከራይ_ፊኒክስ

ቤት ያልገዛችሁ ይቺን እወቁ። ፊኒክስ ከተማ ውስጥ አከራይ የሰጠህ ኤሲ ክፍሉን 82 ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ማድረስ አለበት፣ የውሃ ማቀዝቀዣ ከሆነ 86። ካልሠራ በስልክ ብቻ አትናገሩ፣ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀን ይኑረው፣ ቅጂ ያዙ። የአሪዞና ሕግ ማቀዝቀዣን ከመሠረታዊ አገልግሎት ነው የሚቆጥረው፣ በጽሑፍ ያሳወቀ ተከራይ መብት አለው። ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ አከራዩን ላለማስቀየም ዝም ብለው በሙቀት ይሰቃያሉ።

ቢል መክፈል ላቃተውም፣ ኤፒኤስን የመሳሰሉ በስቴቱ ኮሚሽን ሥር ያሉ ድርጅቶች ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 15 ባልተከፈለ ቢል የቤት መብራት አይቆርጡም። ዕዳው ግን አይሰረዝም፣ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቀድሞ ደውሎ ክፍያውን ማከፋፈል፣ ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነም የቅናሽ ፎርሙን መሙላት ነው። ቋንቋ ካስቸገራቸው እናቶች ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሉላቸው።

እናት_ዓለም

እሱ ያለውን ላጠንክር። በ2023 እዚህ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ110 በታች አልወረደም። በዚያ ዓመት በማሪኮፓ ካውንቲ 645 ሰው ከሙቀት ጋር በተያያዘ ሞቷል። የእኛ እናቶች ደግሞ ልጄ ብዙ እንዳይከፍል ብለው ብቻቸውን ሲሆኑ ኤሲውን ያጠፉታል። አጥፍተው በፋን ይቀመጣሉ። ፋን ደግሞ ቤቱ 95 አካባቢ ከገባ በኋላ የሚያነፍሰው ሙቅ አየር ነው፣ አያድንም። ለእናትሽ ወንበሯን ከአየሩ ቀዳዳ ራቅ አድርጊላት፣ ነጠላዋን ትልበስ፣ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ግን እንዳትነካው ንገሪያት።

የሰርፕራይዟ

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። አልፈረምንም። ሁለተኛ ቴክኒሻን በጠዋት አስመጣን፣ ኤሲ ሠሪው ያልከውን ሁሉ ጠየቅኩት። የልጆቹ ክፍል ቱቦ ከመጋጠሚያው ወልቆ ኮርኒሱ ላይ ተኝቶ ነበር። ካፓሲተሩም ደክሟል። ጋዙን ለክቶ ቁጥሩን አሳየኝ፣ ልክ ነው። ቱቦውን አያይዞ፣ ካፓሲተሩን ቀይሮ፣ የውጭውን አጥቦ 520 ዶላር። የልጆቹ ክፍል ያንኑ ቀን ተለወጠ። ፕላኑንም ቀየርን፣ እንጀራ አሁን ጠዋት ነው። ሙሉ ቢል ገና አልመጣም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የፊተኛው ሰውዬ ለዚህ ማሽን የሚሆን ጋዝ ከእንግዲህ አይገኝም ብሎን ነበር። ደግሞ ከመስኮት በላይ ካለች ቀጭን ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ይሄ ደህና ነው?

ኤሲ_ሠሪ

ጎሽ! ጋዙን በተመለከተ፣ 12 ዓመት የሆነው ማሽን በአብዛኛው አር-410ኤ የሚባለውን ጋዝ ነው የሚጠቀመው። ከ2025 ጀምሮ የሚመረቱት አዲስ የቤት ማሽኖች በሌላ ጋዝ ነው የሚሠሩት፣ አሮጌውን ለመጠገን ግን ጋዙ አሁንም ይሸጣል። ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ የለም ማለት ግን ውሸት ነው። አንድ ቀን ኮምፕረሰሩ ከሞተ ያኔ መቀየር ያዋጣል። ያኔ ከሦስት ቦታ ዋጋ ውሰጂ፣ ፈቃዳቸውን በአሪዞና የኮንትራክተሮች መዝገብ ላይ ፈትሺ፣ ቤቱን ሳይለካ ትልቅ ማሽን ይሻላል የሚልሽን አሰናብቺ። ከተቻለ በፌብሯሪ ወይም በማርች ይሁን፣ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ዋጋ መደራደር ይቻላል። ቆጣቢ ማሽን ለሚገዛ ይሰጥ የነበረው የፌዴራሉ የታክስ ክሬዲት ግን በ2025 መጨረሻ አብቅቷል፣ አሁንም አለ ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ አትስሚው።

ቧንቧዋን ዛሬውኑ እይ። ከመስኮት በላይ የምትደረገው ሆን ተብሎ እንድትታይ ነው። እሷ ካንጠባጠበች ዋናው የውሃ መውጫ ተደፍኗል ማለት ነው፣ ካልተጠረገ ውሃው ኮርኒሱን ያበሰብሰዋል። ኤሲውን አጥፊ፣ የዋናውን መስመር ክዳን ክፈቺና አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ አፍስሺበት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ በውሃ አጠቢው። ካልወረደ ከውጭ በኩል ጫፉ ላይ ውሃና አቧራ በሚስበው ቫኪዩም ይሳባል። ከተከፈተ በኋላ በበጋው በየወሩ አቼቶውን ድገሚው።

የሰርፕራይዟ

ባለቤቴ አሁን ቫኪዩሙን ይዞ ወጥቷል። ጥቁር ዝቃጭ ነው የወጣው፣ ውሃው በዋናው መስመር መውረድ ጀምሯል።