ፈረንሳይኛንና ጣሊያንኛን ጎን ለጎን ማጥናት ይቻላልን?

ዘጣና (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ በባሕር ዳር ከተማ የምኖር፣ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት፣ በመኪና ደግሞ ወደ ጢስ ዓባይ የምወስድ አስጎብኚ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራው ይበቃኛል። ሆኖም በዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕሎች፣ በተለይም የበላዔ ሰብን (ሰው በላ የነበረውንና በእመቤታችን አማላጅነት የዳነውን ሰው) ታሪክ፣ ለፈረንሳይና ለጣሊያን እንግዶች በገዛ ቋንቋቸው ማስረዳት ከልቤ እፈልጋለሁ። ክረምት ሲገባ እንግዳ ስለሚቀንስ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ለትምህርት ማዋል እችላለሁ። አንዳንዶች ቋንቋዎቹ ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሌላውን ያቀልልሃል ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ ይደበላለቁብሃል ብለው ያስጠነቅቁኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መምህረ ቋንቋ፦
ሁለቱም ወገኖች የነገሩዎት እውነት ነው፤ የሚለየው ጊዜው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ከላቲን የወጡ በመሆናቸው፣ አንዱን በደንብ የያዘ ሰው ሌላውን ሲጀምር ብዙዎቹን ቃላት ገምቶ ይደርስባቸዋል። ሁለቱንም ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ግን ያው መመሳሰል እንቅፋት ይሆናል፤ ገና ያልጸናን ነገር ከተመሳሳዩ ለይቶ መያዝ አስቸጋሪ ነውና። ጣሊያንኛ ልክ እንደ አማርኛ ባለቤቱን በግሱ መድረሻ ስለሚያሳውቅ «እኔ» ወይም «አንተ» ማለት አያስፈልገውም፤ በፈረንሳይኛ ግን ብዙዎቹ የግስ መድረሻዎች ሲነገሩ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ተውላጠ ስሙን መጥራት ግድ ነው። በረዳት ግስ በሚመሠረተው ኃላፊ ጊዜም፣ «መሆን» የሚለው ግስ በፈረንሳይኛ «አቭዋር»ን («አለው» የሚለውን ግስ) ሲወስድ በጣሊያንኛ «ኤሴሬ»ን (ራሱን «መሆን»ን) ይወስዳል። በንግግር መካከል የሚጋጩት እንዲህ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው።

ሰዓቱንም ማስላት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም ለፈረንሳይኛም ሆነ ለጣሊያንኛ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ይህ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰዎች የተሠራ ግምት ስለሆነ፣ አማርኛ አፍ መፍቻችን ለሆነው ለእኛ ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም። በአራት ወር ክረምት በቀን ሦስት ሰዓት ቢያጠኑ ወደ 360 ሰዓት ገደማ ያገኛሉ፤ ይህም ለአንድ ቋንቋ ግማሽ መንገድ ሲሆን፣ ለሁለት ሲከፈል ግን በሁለቱም ከሰላምታ ብዙም አያሻግርም። ስለዚህ በአውሮፓ ምክር ቤት መለኪያ ፈረንሳይኛውን ቢያንስ ቢ1 (በዕለት ተዕለት ጉዳይ ራስን ችሎ መነጋገር የሚቻልበት መካከለኛ ደረጃ) ካደረሱ በኋላ ጣሊያንኛውን ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ከመምህሩ ጋር በአንድ ነገር እለያለሁ። ችግሩ ሁለት መሆናቸው ሳይሆን ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋር የሚያጠና ሰው የመደባለቅ ሥጋቱ እጅግ ያነሰ ነው። ዓረብኛው እንደ አማርኛ ሴማዊ ስለሆነ በሦስት ተነባቢዎች ላይ የቆመው የግስ ሥርዓቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የጠያቂው እንግዶች ጣሊያኖች ከሆኑ ይህ ምክር ብዙ አይረዳም።

የአብነት ተማሪ፦
በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ያየዋል። ተማሪው ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ በተራ ይሸጋገራል እንጂ ደረጃ አይዘልም። ያም ሆኖ በዚያው ዕለት ሁለት ነገር ይማራል፤ ቀን ከመጽሐፉ ንባቡን ያጠናል፣ ማታ ደግሞ ያለ መጽሐፍ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ይቀጽላል። አንዱ በዓይን፣ ሌላው በጆሮ ስለሚገባ አይጋጩም። ከዚህ ተነሥቼ፣ ፈረንሳይኛውን ጠዋት ከነሰዋስውና ጽሑፉ እንዲማሩ፣ ጣሊያንኛውን ግን ማታ ማታ በማዳመጥ ብቻ፣ ሰላምታውንና በጀልባ ላይ የሚሰጠውን የጥንቃቄ ማሳሰቢያ በቃል እንዲይዙ እመክራለሁ።

ዘጣና፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገር ግን በቃል የያዝሁትን ስናገር እንግዳው ቋንቋውን የማውቅ መስሎት ጥያቄ ቢያስከትል ምን አደርጋለሁ? ስለ በላዔ ሰብ ደግሞ የማይጠይቅ እንግዳ የለም።

መምህረ ቋንቋ፦
የአብነት ተማሪውን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ የሁለቱ አጠናን የተለያየ ከሆነ መጋጨቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ለእንግዳው ጣሊያንኛዎ ገና ጅምር እንደሆነ አስቀድመው በጣሊያንኛ ይንገሩት፤ ሰላምታውን በቋንቋው ተቀብለው የሥዕሉን ትርጓሜ በእንግሊዝኛ ቢቀጥሉ ቅር የሚለው አይመስለኝም። ሌላው፣ ጥቅምት ገብቶ ሥራ ሲበዛብዎ ፈረንሳይኛውን ፈጽሞ አያቋርጡ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ለረጅም ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ፣ እንግዳ እስኪመጣ ወደቡ ላይ በሚጠብቁበት ጊዜ በየዕለቱ ጥቂት መከለስ የተሻለ ይይዝልዎታል። የበላዔ ሰብን ታሪክ በፈረንሳይኛ ያለ ጽሑፍ ተርከው፣ እንግዳው የሚያነሣቸውን ጥያቄዎች በዚያው ቋንቋ መመለስ ሲችሉ የጣሊያንኛውን ሰዋስው ይጀምሩ።