የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ያለ ስልክ አትበላም፤ ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ እናት ከጎፋ

ውድ አባላት፣ የሁለት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችኝ። እስከ አንድ ዓመቷ ድረስ ገንፎም ሆነ የተፈጨ አትክልት ስሰጣት በደስታ ትበላ ነበር፤ አሁን ግን ስልክ ላይ ቪዲዮ ካልተከፈተላት አፏን አትከፍትም፤ ስትከፍትም ጉርሻውን ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትቆይና መልሳ ትተፋዋለች። እኔ ሥራ ውዬ ስለምገባ ቀን የምታበላት ሞግዚቷ ናት፤ እሷም ከክፍል ክፍል እየተከተለች ታጎርሳታለች፤ ይህም አልሆን ሲላት እንዳትራብ ብላ በጡጦ ወተት፣ በመሐል ደግሞ ብስኩት ትሰጣታለች። አማቴ ደግሞ «ይዞ መጋት ነው፤ እኔ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት እንዲህ ነው» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ስትመዘን ክብደቷ ለዕድሜዋ ደህና እንደሆነ ተነግሮኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሲስተር (የሕፃናት ነርስ)

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳረፈኝ ክብደቷ ደህና መሆኑ ነው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የልደት ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያህል ያደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ የምግብ ፍላጎቱ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ዓመት አካባቢ ልጆች ያልለመዱትን ምግብ መፍራት የሚጀምሩበት ዕድሜ ነው። ቤተሰብ ይህን እንደ ሕመም ቆጥሮ ሲጨነቅ ልመናው፣ ማባበሉና ስልኩ ይከተላሉ፤ ልጅቷም ዐይኗ ስክሪን ላይ እንደተተከለ መዋጥን ትለምድና መራቧንና መጥገቧን ለይታ ማወቅ ይሳናታል።

መጋትን ግን ፈጽሞ አልስማማበትም። እያለቀሰች ባለች ልጅ አፍ ውስጥ የሚገባ ምግብ ትን ብሏት ወደ ሳንባ ሊወርድና የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት የሚመክረው የረሃብና የጥጋብ ምልክታቸውን እያዩ ማብላትን ነው፤ ልጅሽ ከዚያ ዕድሜ ብታልፍም አካሄዱ ያው ነው።

ወተቱን ደግሞ ለክተሽ እዪው። በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃታል። ከዚያ ሲበዛ ሆዷን ሞልቶ ምሳዋን ይነጥቃታል፤ የላም ወተት ያለው የብረት ማዕድን እጅግ ጥቂት በመሆኑም በወተት ብቻ የሚውሉ ልጆች ለደም ማነስ ይጋለጣሉ። ጡጦውንም በኩባያ ቀይሪው።

የሁለት ልጆች አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለመዋለ ሕፃናት ልጆች ሾርባ አቅርቦ፣ አንዳንዴ «ሾርባችሁን ጨርሱ» እየተባሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይባሉ እንዲበሉ አድርጎ ነበር። ልጆቹ የበለጠ የበሉት ማንም ባልጎተጎታቸው ጊዜ ነው፤ ሲጎተጎቱ ግን ስለ ሾርባው መጥፎ መጥፎ ነገር መናገር ጀመሩ። እኛም ቤት «ሽሮሽን ከጨረስሽ ከረሜላ አለሽ» ማለትን የተውነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ሲባል ልጅ የሚማረው ሽሮ ቅጣት፣ ከረሜላ ደግሞ ሽልማት መሆኑን ነው። ከረሜላውን ፊቷ አስቀምጦ መከልከልም ይበልጥ ያስመኛታል፤ ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

እማማ ከደብረ ብርሃን

ልጄ፣ አማትሽን አትቀየሚያቸው። በእኛ ጊዜ ልጅ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ከስቶ በቀላሉ ይሞት ስለነበር፣ እናት የምትግተው ከፍርሃት የተነሣ ነበር። አንቺ «እማዬ፣ ነርሷ ትን ሊላት ይችላል ብላ ከልክላኛለች» ብትያቸው እሺ ይላሉ። ጉርሻን ግን ከመጋት ጋር አንድ አታድርጉብኝ! ልጅቷ አፏን ከፍታ የተቀበለችው ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ፊቷን ካዞረች እጅሽን መልሽ።

እኔ የምመክርሽ ለብቻዋ ማብላቱን ትተሽ ከእናንተ ጋር መሶቡ ዙሪያ እንድታስቀምጫት ነው፤ እንጀራዋን ራሷ ትቁረስ፣ ብታዝረከርክም ተያት። ልጅ የሚበላው ሲበላ አይቶ ነው። ሌላው ነገር ጾሙ ነው፦ ብዙ ቤት በጾም ወራት እንቁላልና ወተት አብሮ ይጠፋል፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን የመጾም ግዴታ ስለሌለበት ለእሷ ለይተሽ አብስይላት።

እናት ከጎፋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኩን ስንከለክላት ምንም ሳትበላ ብትውልስ? ሞግዚቷም ልጅቷ ተርባ ከዋለች እንዳልቆጣት ትፈራለች።

ሲስተር (የሕፃናት ነርስ)

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስም፣ ጥቂት ብቻ በልቶ መነሣትም ይኖራል፤ ጤነኛ ልጅ ግን አንድ ምሳ ቢያልፋት ማታ ወይም በማግስቱ ታካክሰዋለች። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ስንት እንደምትበላ የምትወስነው እሷ ናት። ምሳው ሲቀርብ የምትወደው አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ፍርፍር፣ ከጎኑ የማትወደው የጎመን ወይም የካሮት ቁራሽ በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ይቀመጥላት፤ «ብዪ» አትበሏት። ልጆች አዲስ ምግብን እስኪቀበሉ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ ማየትና መቅመስ ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ሦስት ጊዜ ተፋችው ብለሽ አታስቀሪው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሳህኑ ያለ ቁጣ ይነሣ፤ እስከ መክሰስ ድረስ ከውኃ በቀር ምንም አይሰጣት። መክሰሱም በብስኩት ፋንታ ሙዝ፣ አቮካዶ ወይም የተቀቀለ ድንች ይሁን።

ለሞግዚቷ ደግሞ ሰዓቶቹን ጽፈሽ ወጥ ቤት ለጥፊላት፤ ማታ ስትገቢ «ስንት ጎረሰች?» ማለቱን ትተሽ «ምን አቀረብሽላት?» ብለሽ ጠይቂያት። ፍርሃቷ የሚለቃት ያኔ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ የተባለው ሁሉ ለጤነኛ ልጅ ነው። ክብደት የምትቀንስ፣ ስትውጥ ዘወትር የምታስል ወይም ትን የሚላት፣ የምትፈዝ፣ ወይም የክንዷ ዙሪያ መጠን ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ግን በቤት ምክር ሳትቆይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለባት፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ጉዳዩ ለነገ የማይባል ነው። መለኪያው በየጤና ኬላው ስላለ ለመለካት ወረፋም ሆነ ክፍያ አያስፈራሽ።