ክርክር፦ ዶሮ የሚመስል ቶፉ ለቬትናም ቡድሂስት ጾም ነው ወይስ ፍስክ?

አወያይ፦
በቬትናም ብዙ ሰው በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋም ዓሣም አይቀምስም። የእነዚህ ቀናት ምግብ «ቻይ» ይባላል። ልማዱን ያመጣው ማሃያና የሚባለው የቡድሂዝም ክፍል ነው። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ቻይ ቤት ስትገቡ ከቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ ከሚረጋው ምግብ፣ የተሠራ «ዶሮ»፣ ከስንዴ የተሠራ «የአሳማ ሥጋ»፣ በባሕር አረም የተጠቀለለ «ዓሣ» ይቀርብላችኋል። እዚያው ቬትናም ውስጥ ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ የሚደግፉም አሉ። እናንተስ? ሥጋ መሳይ ምግብ የቡድሃን ትምህርት ይጠብቃል ወይስ ያፈርሳል?

ቀጥተኛው፦
ያፈርሳል። ከሥጋ መታቀብ እንስሳውን ከቢላ ማዳን ብቻ አይደለም። ምኞትንም መግራት ነው። የፓጎዳ፣ ማለትም የቡድሂስት ቤተ መቅደስ፣ ኩሽና ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አያስገባም፤ ስሜት ይቀሰቅሳሉ ተብሎ። እንግዲህ ሽንኩርትን የፈራ ኩሽና የዶሮ እግር ቅርጽ አውጥቶ፣ ቆዳውን አስመስሎ ጠብሶ ሲያቀርብ ምን ልንለው ነው? እጁ ቶፉ ላይ ነው፣ ልቡ ዶሮው ላይ።

ባለሙያዋ፦
ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ሽንኩርቱን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ነገሩ የሚገባው ከእሱ ተነሥተን ስናይ ነውና። የእኛ የጾም ወጥ ያለ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይታሰብም። የፓጎዳ ወጥ ሠሪ ሁለቱንም አጥታለች። በዚያ ላይ ኑኦክ ማምም የላትም። ኑኦክ ማም ከዓሣና ከጨው ለወራት ተብላልቶ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ የቬትናም ምግብ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። እነዚህን ሁሉ ወስደህባት «ጣፋጭ አድርጊው» ስትላት ምን ታድርግ?

ያደረገችው ይኸውና። ፎ ለሚባለው የኑድል ሾርባ ዝንጅብሉን በእሳት ትለበልባለች፣ ቀረፋና ስታር አኒስ የሚባል ኮከብ መሳይ ቅመም ትጨምራለች፣ ካሮትና ሌላ ሥራ ሥር ለረጅም ሰዓት ትቀቅላለች። ጣዕሙን ከእንጉዳይ ታወጣለች። ቶፉን አብላልታ «ቻው» የሚባል እንደ አይብ የሚቀባ ነገር ትሠራለች። የስንዴ ሊጥ በውሃ እያጠበች ስታርቹን ታስወጣና የሚቀረውን የሚለጠጥ ነገር ታበስላለች። አወያዩ «የአሳማ ሥጋ» ያለው ይህንን ነው። ጃክፍሩት የሚባለው ትልቅ የዛፍ ፍሬ ሳይበስል ተቆርጦ ሲቀቀል ደግሞ በተፈጥሮው እንደ ሥጋ ይተረተራል። የንጉየን ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በሁዌ ከተማ ይህ ፍሬ የቻይ ማዕድ ዋና ነገር ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሥጋ አምሮት አይታየኝም። የሚታየኝ ሙያ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቡድሃ ራሱ ሥጋን ሙሉ በሙሉ አልከለከለም። በጥንቱ የመነኮሳት ሥርዓት መጽሐፍ እንደተጻፈው፣ ዴቫዳታ የተባለ ዘመዱ መነኮሳት ሁሉ ዓሣና ሥጋ እንዲተዉ ቢጠይቀው እምቢ አለው። እንስሳው ለእነሱ ሲባል ሲታረድ ካላዩ፣ ካልሰሙና ካልጠረጠሩ የተሰጣቸውን መብላት ይችላሉ። በደቡብ ቬትናም በሜኮንግ ወንዝ ደልታ ያሉ፣ ቴራቫዳ የሚባለውን ሌላ የቡድሂዝም ክፍል የሚከተሉ የክመር ብሔረሰብ መነኮሳት ዛሬም ምእመኑ የመጸወታቸውን ይበላሉ። ሙሉ ክልከላው የጠነከረው ቻይና ውስጥ ነው፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የሊያንግ ንጉሥ ዉ መነኮሳት ሥጋና መጠጥ እንዲተዉ ካዘዘ ወዲህ። ወደ ቬትናም የገባውም በዚያ በኩል በመጣው ማሃያና ነው። ስለዚህ «የቡድሃን ትምህርት ይጠብቃል ወይ» ስንል የትኛውን ትምህርት ነው?

ቀጥተኛው፦
ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ከጥያቄው አያወጣንም። የምንነጋገረው ቻይን ስለመረጡ ሰዎች ነው። የሁዌውን ተወላጅ መነኩሴ ቲች ኛት ሃንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለተከታዮቻቸው ደብዳቤ ጽፈው ማኅበራቸው እንቁላልና ወተትም እንዲተው አደረጉ። ያነሡት ምክንያት የእንስሳቱን ስቃይና የእንስሳት እርባታ በምድር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ነበር። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት በአስተውሎት መብላትን ነው። አፍህ ውስጥ ያለውን እወቀው፣ ከየት እንደመጣ አስብ ነው ትምህርቱ። ቶፉ እያኘክ ዶሮ እንደሆነ ራስህን ካሳመንክ ምኑን አስተዋልከው? ባለሙያዋ ስለ ጃክፍሩቱ ያለችውን አልቃወምም። ጃክፍሩት ጃክፍሩት ተብሎ ይቅረብ። እኔን የሚያስቆጣኝ ቅርጹና ስሙ ነው።

መንገደኛው፦
ሆቺሚን ከተማ ኖሬ ሠርቻለሁ። ቀጥተኛው የሚያስበው መነኩሴውን ብቻ ይመስለኛል። ግን ቻይ የሚበላው ማነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የሕዝብ ቆጠራ ከ96 ሚሊዮን ሰው ቡድሂስት ነኝ ብሎ የተመዘገበው 4.6 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። በ15ኛው ቀን ግን ከዚያ መዝገብ ውጭ ያለ ብዙ ሰው ቻይ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1926 በደቡብ ቬትናም ታይ ኒን ውስጥ የተመሠረተው የካኦዳይ ሃይማኖት ተከታዮች በወር 6 ወይም 10 ቀን ይታቀባሉ። ቤታቸው የአያት ቅድመ አያት መሠዊያ ብቻ ያለ ሰዎችም አሉ።

አሁን የሙት ዓመትን አስቡ። ቤተሰቡ ለሞተው አባት ድግስ ያዘጋጃል። ማዕዱ የታወቀ ነው፦ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ሥጋ፣ ጥቅል ጥብስ፣ ዶሮ፣ ሾርባ። ልጆቹ በአባታቸው ስም ነፍስ እንዳይጠፋ ብለው ድግሱን ቻይ ያደርጉታል። መሠዊያው ላይ ግን ማዕዱ ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት፤ አባትን ማክበር ነውና። ስለዚህ የዶሮው ቦታ ላይ የዶሮ መልክ ያለው ቻይ ያስቀምጣሉ። ያ ቅርጽ ለሆድ የተሠራ አይደለም። እንደዚህ ዓይነቱን ማዕድ ምኞት ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ዶሮዋ ሳትታረድ ቀርታለች፣ አባትም ተከብሯል።

ጤና አዳም፦
ሁላችሁም በእጅ ስለተሠራው ነው የምታወሩት። አሁን ገበያውን የሞላው ግን የፋብሪካ ነው፤ የታሸገና የቀዘቀዘ፣ ጨው የበዛበት። ሰዉ «ቻይ ነው» ሲባል ጤናማ ነው ብሎ ይደመድማል። እ.ኤ.አ. በ2020 ቬትናም ውስጥ ፓቴ በሚባል ዳቦ ላይ የሚቀባ የታሸገ የቻይ ምግብ ምክንያት ሰዎች በቦቱሊዝም፣ ማለትም ነርቭን በሚያዝል የባክቴሪያ መርዝ፣ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። ለመተንፈስ በመሣሪያ የታገዙም ነበሩ። የእጅ ሙያውንና የፋብሪካውን በአንድ ስም መከላከል ትክክል አይመስለኝም።

ቀጥተኛው፦
ጤና አዳም፣ በዚህ አብረን ነን። መንገደኛው የሙት ዓመቱን ሲያነሣ ደግሞ ልቤን ነክቶታል፤ ለቤተሰብ ማዕድ እተወዋለሁ። በፓጎዳው ውስጥ፣ በመነኮሳቱ ገበታ ላይ ግን አሁንም አልቀበልም። ሩዝ፣ ቅጠል፣ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር ሶስ ይበቃል።

ባለሙያዋ፦
በአዘቦት ቀን የመነኮሳቱ ገበታ ከሞላ ጎደል አንተ ያልከው ነው። በጨረቃ 7ኛ ወር 15ኛ ቀን፣ ለወላጆች ምስጋና በሚደረግበት በቩ ላን በዓል ግን ፓጎዳው በምእመን ይሞላል። በዚያ ቀን የሚያበስሉት በአብዛኛው የሰፈር ሴቶች ናቸው፣ በነጻ። ከሚመጣው ሕዝብ ብዙው በማግስቱ ሥጋ የሚበላ ነው። ሕፃን አለ፣ አዛውንት አለ፣ ቻይን አንድም ቀን ቀምሶ የማያውቅ ባል አለ። ለእነዚህ ሰዎች የለመዱትን መልክ ይዞ የሚጣፍጥ ምግብ ማቅረብ ምን ነውር አለበት? ጥቅል ጥብሱን በልቶ «ይሄ ያለ ሥጋ ነው የተሠራው?» ብሎ የተገረመ ሰው በሚቀጥለው 15ኛ ቀን ይመለሳል። ሩዝና ቅጠል ብቻ ብትሰጠው አይመለስም፤ በዚያ ቀን የሚበላው ዶሮ ደግሞ የእውነት ዶሮ ነው።