ከጎንደር ሆኖ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ክትትልን በቪዲዮ ጥሪ ማድረግ፦ ምን እናዘጋጅ?

ጥያቄ (ከአዘዞ)

ታናሽ ወንድሜ ከእኅታችን በተለገሰው ኩላሊት አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአውቶቡስ ማድረግ ለእሱ ስለማይታሰብ ለየቀጠሮው በአውሮፕላን እንመላለስ ነበር፤ አሁን ግን ወጪው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ሐኪሙም የክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ውጤት መርጋቱን አይተው አንዱን ቀጠሮ በአካል፣ ቀጣዩን በቪዲዮ ጥሪ እንድናደርግ ፈቀዱልን። የታክሮሊመስ (ሰውነቱ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት) መጠን የሚለካበት ደም እዚህ ተቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ውጤት ከወትሮው እጥፍ ሆኖ መጣና ቤተሰቡ በሙሉ ደነገጠ፤ ሐኪሙን የምናገኛቸው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። እስከዚያ መድኃኒቱን እንቀንስለት ይሆን? ለጥሪውስ ምን ይዘን እንቅረብ? እናታችን በበኩላቸው የዐቢይ ጾም ነገር አሳስቧቸዋል።

መልስ 1 (የኩላሊት ክፍል ነርስ)

በራሳችሁ ውሳኔ አንዲት እንክብል እንኳ አትቀንሱ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ወንድምዎ በዚያን ዕለት ደም የሰጠው የጠዋቱን መድኃኒት ከዋጠ በኋላ ይሆን? ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዝቅ የሚልበትን መጠን ስለሆነ፣ የማታውን ከምሽቱ 2 ሰዓት የወሰደ ሰው በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ የጠዋቱን ሳይወስድ መቀዳት ይኖርበታል። ውጦ ከሄደ የሚለካው መድኃኒቱ ከፍ ባለበት ሰዓት ያለው መጠን ነውና ቁጥሩ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። እንክብሉን በኪስ ይዞ ሄዶ እንደተቀዳ እዚያው መዋጥ ነው። ሌላው የሚዘነጋ ነገር፣ ይህ ምርመራ የሚሠራው በሙሉ ደም እንጂ ተለይቶ በወጣው ፈሳሽ ስላልሆነ፣ ደሙ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ተቀድቶ ሳይጣራ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ መላክ አለበት። በወረቀቱ ላይ የመጨረሻው መድኃኒት የተወሰደበትን ሰዓትና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ያስጽፉ፤ ይህ ካልተጻፈ ሐኪሙ ቁጥሩን ቢያይም ሊተረጉመው አይችልም።

መልስ 2 (ንቅለ ተከላ ካደረግሁ ስድስተኛ ዓመቴ፣ ማራኪ)

ነርሷ ዋናውን ብለውታል። እኔ ከጥሪው ይልቅ ደብተሩን አምናለሁ፤ ኔትወርክ በመሐል ይቋረጣል፣ ሰውም ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናዋል። በየጠዋቱ ሽንቴን ሸንቼ፣ ምግብ ሳልቀምስ፣ በዚያው ሚዛን ክብደቴን እመዝናለሁ፤ የደም ግፊቴን አምስት ደቂቃ ተቀምጬ ካረፍሁ በኋላ እለካለሁ፤ ሙቀቴንም እጽፋለሁ። ያመለጠኝን መድኃኒት ሳይቀር እጽፋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ዓመት ይህን መጻፍ አፍር ነበር። ከጥሪው አንድ ቀን ቀደም ብዬ የሁለት ሳምንቱን ገጽና የላብራቶሪ ወረቀቶቹን ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ። ክሬቲኒኑንም ዘወትር በአንድ ላብራቶሪ ማሠራት ይሻላል፤ በላብራቶሪዎች መካከል ያለው ጥቃቅን ልዩነት ለውጥ ያለ ሊያስመስል ይችላልና።

ነገር ግን በስልክ ሆድ አይዳሰስም። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ የተተከለው ኩላሊት ያለበት ቦታ ከታመመው፣ ሽንቱ ካነሰ፣ በጥቂት ቀናት ክብደቱ ጨምሮ እግሩ ካበጠ፣ ወይም በትውከት ምክንያት መድኃኒቱ አልረጋለት ካለ የቪዲዮ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ንቅለ ተከላ ያደረገ መሆኑንም ገና በመግቢያው ይንገር። ተቅማጥም በቀላሉ አይታይ፤ የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ያደርጋል።

መልስ 3 (ፋርማሲስት)

ሰዓቱ ትክክል ሆኖም ውጤቱ ከፍ ካለ፣ በቅርቡ ሌላ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ይጠይቁት። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች፣ እንዲሁም የፈንገስ መድኃኒት የሆነው ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ክፉኛ ያወርደዋል። ለራስ ምታት ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይስጡት፤ ኩላሊቱን በቀጥታ ይጎዳሉ። የታክሮሊመሱ አምራች ከተቀየረም ዝም ብለው አይለፉት፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ እንደገና መለካት ሊያስፈልገው ይችላል። ዳማከሴም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ሳይነገር አይወሰድ።

መልስ 4 (የታማሚ እናት)

ለእናትዎ ልንገራቸው። እኔም ልጄን ይዤ የንስሐ አባታችንን ጠይቄ ነበር፤ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በሰዓቱ ከውኃ ጋር እንዲወስድ ፈቅደውልናል። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ መቆየቱ ግን ኩላሊቱን እንደሚጎዳው ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። ጸበል መጠመቁን አልከለከሉንም፤ መድኃኒት አቋርጦ ጸበል መግባትንና ያልፈላ ውኃ በብዛት መጠጣትን ግን ከልክለውናል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ለእሱ ቀርቷል፤ በዓል ሲሆን ዘመድ እንዳያስገድደው እኔው አስቀድሜ እናገራለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜን ስጠይቀው በዚያን ዕለት መድኃኒቱን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ውጦ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደም መስጠቱን ነገረኝ። ሐኪሙም በጥሪው ላይ ይህን እንደሰሙ መጠኑን ሳይነኩ ምርመራው እንዲደገም አዘዙ፤ ሁለተኛው ውጤት ትናንት ደረሰ፣ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ኩላሊት የለገሰችውን እኅታችንንም ጠየቁና የደም ግፊቷን፣ ክሬቲኒኗንና በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን በየዓመቱ እንድትመረመር ነገሩን፤ እስካሁን ማንኛችንም አላሰብነውም ነበር። ሰኞ እሷንም ይዤ እሄዳለሁ።