ክርክር፦ የአምላክ የክሪሽና ዘላለማዊ አገልጋይ የሆነች ነፍስ ወደዚህ ዓለም የመጣችው ከቫይኩንታ፣ ከአምላክ ዘላለማዊ መኖሪያ፣ ወድቃ ነውን?

ጥያቄ አቅራቢ፦ የሂንዱ ቅዱስ መምህር ቻይታንያ (1486–1534) በሕንድ ከተማ በቫራናሲ ደቀ መዝሙሩን ሳናታና ጎስዋሚን ሲያስተምር፣ ነፍስ በባሕርይዋ የክሪሽና ዘላለማዊ አገልጋይ እንደሆነች መናገሩን የሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ቻይታንያ ቻሪታምሪታ መዝግቦልናል። በዚህ ላይ የእርሱ ወግ የሆነው የጋውዲያ ቫይሽናቫ ተከታዮች አይለያዩም። የሚለያዩት እንዲህ ያለች ነፍስ በልደትና በሞት ዑደት ውስጥ እንዴት ተገኘች በሚለው ነው።

ተከራካሪ ሀ፦ በፈቃዷ ወድቃለች እላለሁ። ፍቅር በግዴታ ስለማይሆን፣ ጌታዋን የምትወድ ነፍስ ትታው መሄድም የምትችል መሆን አለባት። የቫይኩንታ በር ጠባቂዎች ጃያና ቪጃያ እንኳ ወርደው የለምን? የሐሬ ክሪሽና ንቅናቄ መሥራች ፕራብሁፓዳም መዳንን ወደ ቤት መመለስ ይሉት ነበር።

ተከራካሪ ለ፦ ወንድሜ፣ የጠቀሱት ታሪክ ሐሳብዎን አይደግፍም። ጃያና ቪጃያ ኩማራዎች የሚባሉትን አራት ጠቢባን በር ላይ በመከልከላቸው ቢረገሙም፣ በቅዱሱ መጽሐፍ በባገቫታ ፑራና ጌታ ራሱ እርግማኑ በእርሱ ፈቃድ የሆነ መሆኑን ይናገራል፤ ሦስት ጊዜ የጌታ ጠላት ሆነው ከተወለዱ በኋላም ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ሌላው ቅዱስ መጽሐፍ ባገቫድ ጊታ ደግሞ በምዕራፍ 15 ቁጥር 6 ወደዚያ መኖሪያ የደረሰ ዳግመኛ እንደማይመለስ ያስተምራል። ይልቁንም ቻይታንያ በዚያው ትምህርቱ፣ ነፍስ ክሪሽናን ረስታ መጀመሪያ ከሌለው ጊዜ አንሥቶ ፊቷን ወደ ውጭ እንዳዞረች ይናገራል።

ተከራካሪ ሀ፦ የማያውቁት ነገር እንዴት ይረሳል? ደግሞም ነፍስ ምንም ሳታጠፋ ታስራ ከተገኘች፣ አምላክን ጨካኝ አላደረግነውምን? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ተከራካሪ ለ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በችኮላ ልመልሰው አልፈልግም። የጥንቱ የፍልስፍና መጽሐፍ ቬዳንታ ሱትራ ይህንኑ የአድልዎና የጭካኔ ክስ አንሥቶ፣ ካርማ (ነፍስን የሚያስራት የሥራዋ ውጤት) መጀመሪያ የለውም ሲል ይመልሳል፤ እስሩ አንድ ቀን የተጀመረ ስላልሆነ ከዚያ ቀን በፊት የነበረ የፍርድ መዛባት አይኖርም ማለቱ ነው። መርሳቱንም እንዲሁ አየዋለሁ፤ ቀድሞ የነበረ እውቀት መጥፋቱን ሳይሆን ያልነቃ ባሕርይን ይገልጻል። በጎተራ የቆየ የጤፍ ዘር ቡቃያ አይቶ ባያውቅም ጤፍነቱ እንዳልጎደለ ሁሉ፣ ነፍስም አንድም ቀን በቫይኩንታ ሳታገለግል አገልጋይ ልትሆን ትችላለች። እርስዎ አገልጋይነቷን በታሪኳ ላይ ሲመሠርቱት፣ እኔ በባሕርይዋ ላይ እመሠርተዋለሁ። ደግሞስ ከዚያ መውደቅ የሚቻል ከሆነ፣ ነገ የምትደርሰው ነፍስ ዳግመኛ እንደማትወድቅ ዋስትናዋ ምንድን ነው?