ሻሞኒ፣ ቬርቢየ ወይስ ሳንክት አንቶን? እባካችሁ ምከሩን

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሙኒክ ነው። በማርች ወር ከባለቤቴና ከወንድሟ ጋር ለአንድ ሳምንት አልፕስ ላይ ስኪ ልንሄድ አስበን ቦታ መምረጥ አቃተን። ሦስታችንም በጥቁር ምልክት የተለየውን ከባድ ቁልቁለት ሳንቸገር እንወርዳለን። አሁን የምንፈልገው ከተደለደለው መንገድ ወጥተን ያልተረገጠ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው።

የእኔ ልብ ያለው ፈረንሳይ ውስጥ ባለው ሻሞኒ ነው። በኬብል ካር ኤግዊ ዱ ሚዲ የሚባለው ጫፍ ድረስ፣ 3842 ሜትር ከፍታ ላይ ትወጣላችሁ። ከዚያ ስኪያችሁን ተሸክማችሁ፣ ግራ ቀኙ ገደል በሆነ ቀጭን የበረዶ ጠርዝ በእግር ወርዳችሁ፣ ቫሌ ብላንሽ የሚባለውን መውረጃ ይዛችሁ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ግግር ላይ ቁልቁል መሄድ ነው። ባለቤቴን ግን ያ ጠርዝ አስፈርቷታል፤ ልጫናትም አልፈልግም። የስኪ ቦታዎቹም በሸለቆው ተበታትነው ስላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው አውቶቡስ መጠበቅ አለ።

ኦስትሪያ ያለው ሳንክት አንቶን ባቡሩ መንደሩ ድረስ ስለሚገባ ለእኛ ይቀላል። የሚያሳስበኝ ብዙው ቁልቁለት ወደ ደቡብ የዞረ መሆኑ ነው፤ በማርች ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በረዶው አይላሽቅም? እዚያው ባለው የቫሉጋ ተራራ ሰሜናዊ ጎን ለመውረድ ደግሞ ያለ ተራራ መሪ አይፈቀድም። ስዊዘርላንድ ያለው ቬርቢየ ሞን ፎር የሚባል ጫፍ አለው፣ 3300 ሜትር ያልፋል፤ የስዊስ ዋጋ ግን ይከብደናል።

በማርች የሄዳችሁ ካላችሁ፣ በረዶው የተሻለ ሆኖ ያገኛችሁት የት ነው? በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ዘንግ አለን፤ ለሦስት ሰው መሪ ለብቻ መቅጠር ይሻላል ወይስ ከቡድን መቀላቀል?